ኮሶን መጠጣት ብቻ ኮሶን አያጠፋም

የበሬን ሥጋ በጥሬው መብላት በሀገራችን የደስታና የክብር ማዕድ መሆኑ የታወቀ ነው። በጐንደር ከተማም ሆነ በወገራ፥ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፥ ጾም ሲፈታና ሠርግ ሲደገስ ብርንዶ ያልቀረበበት ግብዣ እንደ ጐደለ ይቈጠራል። ከዚህ ማዕድ ጋራ ግን አንድ ያልተጠራ እንግዳ አብሮ ይገባል፤ ይኸውም ኮሶ የተባለው የሆድ ትል ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ደዌ መድኃኒቱን ከደጋው ዛፍ አግኝተዋል። የሴቴውን የኮሶ ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር፤ ዛሬም የሚጠጣው አልታጣም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ጐንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉና ስለ ጥቅሙ ጽፎ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገባ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የኮሶ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በሽታው በአደባባይ ይነገራል፥ መድኃኒቱም ይታወቃል፤ የተሰወረው መነሻው ነው። በ1861 ሌውካርት የተባለ የጀርመን ሊቅ ከሰው የወጣውን የትል ቍራጭ ለጥጃ አብልቶ፥ የትሉን ሽል በጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኘ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተገልጧል። ከትሉ ተቈርጦ የሚወጣው አንዱ ቍራጭ በብዙ ሺህ የሚቈጠር እንቍላል ይይዛል። ኮሶ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቍላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል፤ ከብት ከሣሩ ጋራ ይበላዋል፤ በሥጋውም ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያህል ነጭ ከረጢት ይሆናል። ሰው ይህን ሥጋ በጥሬው በበላ በሦስት ወር ገደማ ትሉ አድጎ ከ5 ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ኮሶ ጠጥቶ ከቤቱ ጓሮ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታሰብ። እርሱ ከትሉ ተገላግሏል፤ የጐረቤቱ በሬ ግን ተረክቦታል። በሬው ሲታረድም ትሉ ወደ ሰው፥ ምናልባትም ወደዚያው ሰው ይመለሳል። ስለዚህ መጸዳጃ ጕድጓድ በሌለበት አገር መድኃኒት ብቻውን ደዌውን ከቤት ወደ ቤት ከማዘዋወር አያልፍም።

ሥጋን ውስጡ ቀይ እስከማይታይበት ድረስ ማብሰል ዋናው መከላከያ ነው። ሚጥሚጣና አዋዜ፥ ጠጅና አረቄ ይገድሉታል የሚለው አሳብ ከንቱ ነው። ኮሶም መጠኑ ሲበዛ ሰውን ይጐዳልና፥ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ፕራዚኳንቴልን የመሰለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ቢወስድ ይሻለዋል።

በጐንደር በ1954 የተቋቋመው፥ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ትምህርት ቤት፥ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋራ የንጽሕና ባለሙያዎችን ጭምር ማሠልጠኑ ደዌን ከመነሻው ለመከልከል ነበር። ይህ አሳብ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ በየቀበሌው ሊሠራበት ይገባል። የከተማ ሹማምንት ከብት በቄራ እንጂ በየጓሮው እንዳይታረድ፥ የሥጋ መርማሪውም መንጋጋውን፥ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ ሳያይ እንዳያሳልፍ ይቈጣጠሩ። ጥቂቱ ከረጢት ከመርማሪ ዓይን ሊያመልጥ ስለሚችል ግን የተመረመረውም ሥጋ ቢሆን መብሰል አለበት።

ካህናትም በዚህ ጕዳይ ከማንም የበለጠ ኀይል አላቸው። ሕዝቡ መቼ ከሥጋ እንደሚከለከልና መቼ እንደሚበላ የሚሰማው ከእነርሱ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚበላም ቢነግሩት ይሰማቸዋል። ለንግሥ በዓል ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ደብር አጠገብ መጸዳጃ ቢያስቈፍሩ፥ ጾም በሚፈታበት ዋዜማም ስለ ሥጋ ማብሰል አንዲት ቃል ቢጨምሩ፥ በደጋው ያለ የኮሶ አበባ ሁሉ ተለቅሞ ሊያደርገው ያልቻለውን ያደርጋሉ።