ኦክ ሥር የሚበቅለው እንጉዳይ

ዝናብ ሲጥል እንጉዳይ ይፈላል። አገር ቤት ሳላችሁ በክረምት ከሜዳ ለቅማችሁ፣ በቅቤ ጠብሳችሁ የበላችሁ እህቶች ባሕር ማዶም ሆናችሁ ዓይናችሁ መሬት መሬቱን ማየቱ አይቀርም። የዛሬው ጽሑፌ በተለይ ለእናንተ ነው።

አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሞት ቆብ» ይሉታል። የትውልድ ቦታው አውሮፓ ነው። እንደ ኦክ ካሉ ዛፎች ጋር ተጋግዞ ይኖራል፦ ክር መሰል አካሉ የዛፉን ሥር ሸፍኖ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፤ ዛፉ በፋንታው ስኳር ይሰጠዋል። ስለዚህ ችግኝ ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ አብሮ ተጓዘ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በካሊፎርኒያ፣ ዝናቡ ሲጀምር በጫካ ብቻ ሳይሆን ኦክ ባለበት መናፈሻና ግቢ ይበቅላል።

ቆቡ አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ነው፤ አንዳንዴም ይነጣል። ከቆቡ ሥር የተደረደሩት ስስ ገጾች ነጭ ናቸው። አገዳው ላይ ቀለበት፣ አፈር ውስጥ ባለው ግርጌው ደግሞ ከረጢት አለው። ከላይ ቆርጦ የሚለቅም ሰው ከረጢቱን አያየውም። ገና ሲበቅል እንቁላል ይመስላል፤ ከሚበሉት ጋር የሚያሳስተውም ይህ ነው።

መርዙን መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል። ከዚያ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎች በዚሁ ተመርዘው ነበር። ሁሉም ከሞት ቢተርፉም ሦስቱ ጉበት መቀየር አስፈልጓቸዋል፤ አንዲት ሕፃን ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ደርሶባታል።

እህቶቼ፣ የማታውቁትን እንጉዳይ አትልቀሙ፤ ጎረቤት ለቅሞ ቢሰጣችሁም አታብስሉት። የበላ ሰው ካለ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ሕመም ባይሰማውም እንኳ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የተረፈውን እንጉዳይም ይዛችሁ ሂዱ። አሜሪካ ላላችሁ የመርዝ መረጃ ስልኩ 1-800-222-1222 ነው። ተሻለው ብላችሁም ከሐኪም ቤት አታውጡት።