ከጎባ በላይ፣ ከጎባ በታች

የአርሲና የባሌ ደጋ ስመ ጥር ሯጮችን ስላፈራ፣ ለባለብዙ ምዕራፍ የጎዳና ብስክሌት ውድድር የሚዘጋጅ ቡድንም ወደዚያው ወጥቶ ቢሰነብት ይበቃዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው። ባለብዙ ምዕራፍ ውድድር የሚባለው ተወዳዳሪዎች በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እየጋለቡ የየዕለቱ ሰዓታቸው ተደምሮ አሸናፊው የሚለይበት ነው። ከነዚህ ትልቁ ቱር ደ ፍራንስ በ21 ምዕራፎች ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስጋልብ ሲሆን፣ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚህ ውድድር ስሙ የገነነው የጋሊቢዬ ማለፊያ 2,642 ሜትር ከፍታ አለው፤ የባሌዋ ጎባ ከተማ ሰው ግን ከዚያ በላይ ተኝቶ ያድራል።

ከፍታ የሚጠቅመው በአየር ግፊት ማነስ የተነሳ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስና ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት አመንጭቶ የቀይ ደም ሕዋሳት እንዲጨምሩ ስለሚያደርግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው በሳምንታት ቆይታ፣ ይልቁንም በዕረፍትና በእንቅልፍ ሰዓት ሲሆን፣ ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ መሥራት የሚችለው ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። አሠልጣኞች «ከፍ ብሎ ማደር፣ ዝቅ ብሎ መሥራት» የሚሉት ዘዴ ከዚህ የመጣ ነው። 4,000 ሜትር ገደማ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የፍጥነት ልምምድ ማድረግ ጋላቢውን ያደክመዋል እንጂ አያፈጥነውም።

የባሌ መልክዓ ምድር ችግሩን የሚያጠብቀው እዚህ ላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና ቆላ የሚወስደው፣ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ የቆየው ጎዳና፣ በሪራና በሐረና ደን ከመውረዱ በፊት ሳነቴን መውጣት ግድ ይለዋል። ዝቅ ብሎ መሥራት የፈለገ አሠልጣኝ ታዲያ ጋላቢዎቹን ከነብስክሌታቸው መኪና ላይ ጭኖ አምባውን ማሻገር ይኖርበታል (ቀይ ቀበሮ ፍልፈል በሚያድንበት ፓርክ ውስጥ ደግሞ የአጃቢ መኪና ብዛት የሚደገፍ አይደለም)። በብስክሌት ልውጣው ያለ ቢኖር እንኳ፣ በላብ የራሰ ማሊያ በቁልቁለቱ ነፋስ ሲመታ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል። የአውሮፓ ጋላቢዎች ተራራ ጫፍ ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ የሚያነጥፉት ለዚህ ነበር። ከጎባ ጎረቤት ከሮቤ ከተማ ወደ ጊኒር የሚወርደው አቅጣጫ ስለዚህ ከሳነቴ ይልቅ የተሻለ የሥራ ሜዳ ነው፤ ለፎቶግራፍ ግን እንደ ሳነቴ አያምርም።

ከከፍታም ይበልጥ የሚጎድለው ሌላ ነው። ከሮቤም ከጎባም ዝቅ ብላ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አስመራ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፎችን ያሸነፈውንና የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደውን ቢንያም ግርማይን አፍርታለች። ልዩነቱ አየሩ ሳይሆን፣ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ በከተማዋ ጎዳናዎች ሥር የሰደደው የውድድር ባህል ነው። የፊተኛውን የኋላ ጎማ በቅርብ ተከትሎ ከነፋስ መከለል ጉልበትን እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቆጥብ ይችላል፤ ነገር ግን በመቶ ሰው መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጠግቶ፣ ሳይደናገጡና ሳይወድቁ ይህን ማድረግ የሚለመደው በውድድር ብቻ ነው። ሯጭ ብቻውን ሮጦ ሊበስል ይችላል፤ ብስክሌተኛ ብቻውን ሲጋልብ የሚማረው ከሥራው ግማሹን ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ለአንድ ቡድን የሦስት ሳምንት የሆቴል ወጪ ከመመደብ በፊት በሮቤና በጎባ መካከል ባለው አስፋልት ላይ መኪና በየሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት ታግዶ የአካባቢው ወጣቶች ከክለብ ጋላቢዎች ጋር የሚወዳደሩበትን ቀን መክፈት ይቀድማል። ካላማዳሪ የሚለጥፍ፣ ካቴና የሚቀጥልና ቸርኬ የሚያቃና ጠጋኝም ለመንገዱ ዳር የሚያስፈልገው ያኔ ነው።