ቫልቭ ወይስ ትራንዚስተር?

የድምፅ ማጉያ ተግባር አንድ ነው። ይኸውም ከሙዚቃ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አበርትቶ ለጆሮ ማዳመጫ ማድረስ ነው። ይህንንም ተግባር አንዳንዱ መሣሪያ በቫልቭ፣ ሌላው በትራንዚስተር ይፈጽመዋል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የሙዚቃ አፍቃሪዎች በዚህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል፤ ዛሬም ይከራከራሉ። እናንተም ከአንዱ ወገን ከመቆማችሁ በፊት የሁለቱን አሠራር ልታውቁ ይገባል።

ቫልቭ አየር የወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ እነርሱም ከፍተኛ ቮልት ወዳለው አኖድ ይጓዛሉ። በመካከል የተዘረጋው እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ ጉዞአቸውን ይቆጣጠራል። ለዚህ መቆጣጠሪያ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ትራንዚስተር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ የተገኘ ጠጣር አካል ነው። ማጋያ አያስፈልገውም፤ በትንሽ ቮልት ይሠራል፤ ቦታም አይፈጅም። ስለ ግኝቱ ባርዲን፣ ብራተንና ሾክሌይ እ.ኤ.አ. የ1956ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

የቫልቭ ወዳጆች ድምፁ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነው ይላሉ። አባባላቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ ከተሠሩት የትራንዚስተር ማጉያዎች አንዳንዶቹ ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ ነበራቸው። በሌላ በኩል ብዙ የቫልቭ ማጉያዎች፣ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲገባባቸው፣ በሴኮንድ 880 ጊዜ የሚርገበገብ ደካማ ድምፅ ይጨምሩበታል። ጭማሪው ያንኑ ኖታ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያደረገ በመሆኑ ለጆሮ ይስማማል። እንግዲህ «ሙቀት» የሚባለው ነገር አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ሆኖም ጭማሪ ጭማሪ ነው። ፊትን አሳምሮ የሚያሳይ መስተዋት ባለቤቱን ያስደስት ይሆናል፤ ጥሩ መስተዋት ግን አይባልም። ዘፋኙና የድምፅ ባለሙያው ደክመው ያዘጋጁት ሙዚቃ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ሊደርሰን ይገባል። በሚገባ የተሠራ የዛሬ ትራንዚስተር ማጉያ የሚጨምረው ባዕድ ድምፅ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ ቫልቭ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ይግላል፤ በሥራ ብዛትም ያልቃል። 32 ኦም ለሆነ ማዳመጫ በቂ ኃይል ለመስጠትም ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር ያሻዋል፤ ይህም ዋጋውን ያንረዋል። ስለዚህ ለአዳማጭ ትራንዚስተር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለጊታር ተጫዋች ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ለእርሱ ማጉያው የመሣሪያው ክፍል ስለሆነ ቫልቩ የሚጨምረው ቀለም የሙዚቃው አካል ነው። ተጫዋቹ ድምፅ ይፈጥራል፤ አዳማጩ የተፈጠረውን ይቀበላል። የሁለቱን ፍላጎት ማምታታት ክርክሩን ያበላሸዋል።

ይህን አስተያየት በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ ፈትኑት። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሁለቱ ማጉያዎች የድምፅ መጠን በመለኪያ እኩል ይደረግ፤ ጥቂት ጎላ ያለው ምንጊዜም የተሻለ ይመስላልና። ሁለተኛ፣ የሚሰማው ሰው የትኛው እንደሚጫወት አይወቅ፤ ሌላ ሰው ይለዋውጥለት። ከ10 ሙከራ 5 ጊዜ መለየት በግምትም ይገኛል። በጨለማ የሚያበራው የቫልቭ ፍካት ዓይንን ይማርካል፤ ዓይንም ጆሮን ያታልላል። መልክ ታጥቦ አይጠጣም እንዲሉ፣ ድምፅ በፍካት አይመዘንም።

ቫልቭን የሚወድ ሰው ይውደደው፤ መውደድ ማስረጃ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ «እወደዋለሁ» እና «ይሻላል» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ተናጋሪው ይነግረናል፤ ሁለተኛው ስለ ዕቃው። ሻጭ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ዋጋ ሊሸጥላችሁ ሲሞክር ልዩነቱን ካወቃችሁ፣ ገንዘባችሁም ፍርዳችሁም በእጃችሁ ይቀራል።