«ይሄ ነው መጨረሻው?» ስምንት ዓመት የጠበቀ ተመልካች ለምን ይቆጣል

(ማሳሰቢያ፦ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ የ«ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር»፣ የ«ብሬኪንግ ባድ» እና የ«ዴክስተር» መጨረሻ እዚህ ተነግሯል። ገና እያያችሁ ከሆነ ሴቭ አድርጉትና በኋላ ተመለሱ።)

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አንድ የፊርማ ማሰባሰቢያ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። ሕግ ይሻሻል አይልም፣ ባለሥልጣን ይውረድ አይልም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ስምንተኛ ሲዝን ብቁ በሆኑ ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራልን! በቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ቆይቶ ቁጥሩ 1.8 ሚሊዮን አለፈ።

«ለፊልም ነው ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ግን አንድ ተወዳጅ ተከታታይ ፊልም ባለቀ ቁጥር ይሄው ጭቅጭቅ ይደገማል፤ እስቲ ዛሬ ረጋ ብለን እንየው። እኛ የደረስንበትን ቀድመን እንናገር፦ ተመልካች አሳዛኝ መጨረሻን ይችለዋል። የማይችለው፣ ዓመታት የተከተለው መንገድ ድንገት ሲቆረጥበት ነው።

መንገዱ ሲያጥር

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከ2011 እስከ 2019 በ8 ሲዝን 73 ክፍሎች ታየ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው። ሰባተኛው 7፣ የመጨረሻው ደግሞ 6 ብቻ። እርግጥ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች በደቂቃ ረዘም ይላሉ። ቢሆንም፣ ድሮ አንድ ሰው ካንዱ ከተማ ሌላው ለመድረስ ሲዝኑን ሙሉ ሲንከራተት የምናይበት ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ ሰዉ ሁሉ በአንድ ትዕይንት አገር አቋርጦ ከች የሚልበት ሆነ።

ገንዘብ አጥሮ ነው እንዳንል፣ ኤችቢኦ ተጨማሪ ክፍሎች ቢሠሩለት ደስታው ነበር። ይብቃ ያሉት አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒዮፍ እና ዲ.ቢ. ዋይስ ናቸው። ሌላም ችግር ነበረባቸው። ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ አላለቀም። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፍ ያወጣው ፊልሙ በጀመረበት በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ፊልሙ እስኪያልቅም አልወጣም። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ዋና ዋናውን ነግሯቸዋል። ስለዚህ መድረሻው በእጃቸው ነበር፤ እዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው። አሳጠሩት።

ዳፋው ዴነሪስ ላይ አረፈ። ባሪያ ነጻ ስታወጣ ዓመታት ያየናት ሴት፣ ሊያልቅ አንድ ክፍል ሲቀረው፣ ከተማዋ እጅ ሰጥታ ደወል ከተደወለ በኋላ ሕዝቡን በድራጎን አቃጠለች። ምልክቱ ጭራሽ አልነበረም ማለት አንችልም፤ ጠላቶቿን ስታቃጥል ያጨበጨብነው እኛው ነን። ያ ለውጥ ሁለት ሲዝን ተሰጥቶት ቀስ እያለ ቢመጣ ኖሮ የሚያስደነግጥ ግን የሚታመን መጨረሻ ይሆን ነበር። በጥቂት ክፍሎች ሲሆን ግን ሌላ ሰው ያየን መሰለን። በነገራችን ላይ በ2018 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ500 በላይ ሕፃናት በማዕረጓ «ኻሊሲ» ተብለው ስም ወጥቶላቸዋል። የነዚያን ወላጆች ፊት አስቡት!

መጨረሻው ቀድሞ ሲቀረጽ

«ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር» የተበላሸው በተቃራኒው መንገድ ነው። ከ2005 እስከ 2014 በ9 ሲዝን የታየ ኮሜዲ ሲሆን፣ አባት ለልጆቹ ከእናታቸው ጋር እንዴት እንደተገናኘ ይተርክላቸዋል። ልጆቹን የሚተውኑት ወጣቶች ማደጋቸው አይቀርምና አዘጋጆቹ የልጆቹን የመጨረሻ ትዕይንት ገና በጅምሩ፣ በሁለተኛው ሲዝን ዘመን፣ በሚስጥር ቀርጸው አስቀመጡት። በዚያ ትዕይንት እናትየው ሞታለች፤ ልጆቹም አባታቸውን ወደ ድሮ ፍቅረኛው ወደ ሮቢን ሂድ ይሉታል።

ችግሩ፣ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሮቢን ሌላ ሰው ወደደች፤ የመጨረሻው ሲዝን አብዛኛው በሠርጓ ሰሞን ላይ አለቀ። እናትየውም በመጨረሻ መጣች፤ ተመልካቹ ወደዳት። ከዚያ በመጨረሻው ክፍል ያ ሠርግ በደቂቃዎች ፈረሰ፣ እናትየዋም ሞተች፣ ምክንያቱም ያ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቪዲዮ እንደዚያ ይላል። ቁጣው ሲበረታ እናትየው የማትሞትበት ሌላ መጨረሻ በዲቪዲ ወጣ።

ሐዘን ብቻውን አያስቆጣም

የሁለት ፊልሞችን ቀን አስተያዩ። «ዴክስተር» መስከረም 22፣ 2013 አለቀ። «ብሬኪንግ ባድ» በሳምንቱ፣ መስከረም 29 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። «ብሬኪንግ ባድ» ላይ ዋናው ሰውዬ ሞቷል፣ ቤተሰቡ ፈርሷል። ተመልካቹ ግን እስከ ዛሬ ያመሰግናል፤ እያንዳንዷ እርምጃ ወደዚያ ስትወስደው በዓይኑ አይቷላ። «ዴክስተር» ላይ ያ ሁሉ ሰው የገደለ ጀግና አልሞተም፣ አልተያዘም፤ ሁሉን ጥሎ ጫካ ገብቶ እንጨት ቆራጭ ሆነ። በቃ። ተመልካቹም «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ቁጣው ምን ይለውጣል?

አንዳንዴ ብዙ። በ1893 ደራሲው ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ከፏፏቴ ጥሎ ሲገድለው አንባቢዎች መጽሔቱን መግዛት አቆሙ። በ1903 ሆምስ ከሞት ተመልሶ መጣ። «ዴክስተር»ም በ2021 ተመልሶ ዋናውን ሰው ገደለው፤ በ2025 ደግሞ አልሞተም ተባለና እንደገና ጀመረ። ካምፓኒዎቹ የገባቸው ነገር አለ፦ የተቆጣ ተመልካች ገና አልሄደም፤ እንደገና ሊሸጥለት ይችላል።

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ፊርማ ግን ምንም አላመጣም። ያ የተሰደበ ሲዝን በዚያው ዓመት በድራማ ዘርፍ ትልቁን የኤሚ ሽልማት ወሰደ። በ2022 የዘር ሐረጋቸውን የሚተርከው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው አየው። «ሁለተኛ አላይም» ያልነው ሰዎች መሆናችን ነው!

መስመሩ የቱ ጋ ነው?

በ2020 «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2» የተባለው ጌም ሲወጣ፣ ተወዳጁን ገጸ ባሕርይ የምትገድለውን ሴት የተወነችው ላውራ ቤይሊ በልጇ ጭምር የመጣ የግድያ ዛቻ ደረሳት። ታሪኩን የጻፈችው እሷ አይደለችም። ብትጽፈውስ? ታሪኩን መተቸት መብታችን ነው፤ ሰውን ማስፈራራት ግን የማንም መብት ሆኖ አያውቅም።

ሌላ መንገድም እንዳለ አይተናል። ዴነሪስን የተወነችው ኤሚሊያ ክላርክ በመጋቢት 2019፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ዘመን ሁለት ጊዜ አንጎሏ ላይ አደጋ ደርሶባት ከሞት እንደተረፈች በይፋ ጻፈች። መጨረሻው ካበሳጫቸው አድናቂዎች ብዙዎቹ፣ የአንጎል ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ላቋቋመችው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ አዋጡ። በስክሪፕቱ እየተናደዱ ለድካሟ «እናመሰግናለን» አሏት።

እኛ አገር ተረት ሲያልቅ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ተራኪው ደክሟል፣ ዳቦው ይገባዋል። አድማጩም አምሽቷል፣ እንቅልፉን ሰጥቷል፤ ሙሉ ተረት ይገባዋል። ሲጎድልበት «ጎደለ» ይበል። ተራኪውን ግን አይምታ።

እናንተስ? «ባላየሁት ይሻለኝ ነበር» ያላችሁት መጨረሻ የቱ ነው? ስፖይለር ካለው አስጠንቅቃችሁ ጻፉልን።