«ስኳር አለብህ እንዴ?»

ጂንካ ውስጥ ለስላሳ ለማቆም የወሰነን ሰው መጀመሪያ የሚፈትነው አምሮቱ አይደለም፤ ሰው ቤት መግባት ነው። እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፣ ኮካ ወይም ሚሪንዳ ተከፍቶ ፊቱ ይደረጋል። «ይቅርብኝ» ሲል የቤቱ እመቤት ደንግጣ «ውይ፣ ስኳር አለብህ እንዴ?» ትለዋለች። ጤነኛ ሰው ስኳር ሳይዘው በፊት ሊያቆም ይችላል የሚለው ሐሳብ ገና ቤት አልገባም። ከሐኪም ትእዛዝ በቀር ተቀባይነት ያለው ምክንያት የለም፤ ሌላው ሁሉ ንቀት ወይም ኩራት ይመስላል።

«ትንሽ ቆራጥ ሁን» የሚለው የተለመደ ምክር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ በደቡብ ኦሞ ከተሞች የጥማት መጠጥ ብቻ አይደለም። አልኮል የማይነካው ፕሮቴስታንት በሠርግና በምርቃት የሚስተናገድበት ክብሩ ነው። ኦርቶዶክሱ ደግሞ የጾም ስለሆነ ሁዳዴም ቢገባ አይለየውም። ጫት የሚቅመውም ከለውዙ ጎን ኮካውን ያስቀምጣል። በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች በዚህ ጠርሙስ ይስማማሉ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ቀላል አይደለም። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 32 ግራም ስኳር ይይዛል፤ 8 የሻይ ማንኪያ ግድም ማለት ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 8 ማንኪያ የሚጨምር ሰው ቢገኝ ቤቱ ሁሉ ይስቅበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም አካባቢ ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ታልፈዋለች።

ራስ ምታቱም አለ። ኮካና ፔፕሲ ካፌይን አላቸው፤ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲተው በ1 ቀን ውስጥ ራሱን ሊያመው፣ ሊነጫነጭ፣ ሊደብተው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ብዙም ሳያልፍ ይለቃል። በሁለተኛው ቀን «ሰውነቴ ለመደው፣ አልቻልኩም» ብሎ የሚመለስ ሰው የተሸነፈው ሊያልቅ በቀረበ ሕመም ነው። ቡና በሚበቅልበት በአሪ ምድር ደግሞ ይህ የሚያስቆጭ ሽንፈት ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና፣ ስኳሩ ሳይበዛ፣ ያስታግሰው ነበር። ስፕራይትና ሚሪንዳ የለመደ ሰው ግን የሚናፍቀው ጣፋጩንና ጋዙን ነው። ለጋዙ አምቦ ውኃ አለ። ለጣፋጩ አቋራጭ የለውም፤ ቀን ቀን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እየቀነሱ ምላስን ማስለመድ ነው።

ከጂንካ ወደ ቆላው ሲወረድ ጉዳዩ ይለወጣል። ሐሙስ ለቀይ አፈር፣ ሰኞ ለቱርሚ ገበያ በፀሐይ ተጉዞ የደረሰ ሰው ይጠማዋል፤ የሚታመን የቧንቧ ውኃ ግን በየቦታው አይገኝም። የታሸገ ውኃም ለስላሳም በብር ነው የሚገዛው፤ ብር ከወጣ አይቀር ጣዕም ያለው ይመረጣል። በዚያ መንገድ ዳር ልጆች በመኪናው ላይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ሲለምኑ ያየ ሰው ውኃ መያዣው እንኳ ምን ያህል እንደሚፈለግ ያውቃል። ሐመሮች በቡና ገለባ አፍልተው በቅል የሚጠጡት ሸፎሮ ግን ስኳር የለውም። ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል፤ የከተማው ሰው «የገጠር» ብሎ ይተወዋል። ከእንግዳ ፊት የሚቀርበው ከፋብሪካ የመጣው ነው።

ታሪኩ የኦሞ ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት፣ በሳን ክሪስቶባል፣ የቧንቧ ውኃ የማያስተማምነው ሕዝብ ኮካን እንደ ውኃ ይጠጣል፤ የጾጺል ተወላጆች በጸሎት ሥርዓታቸው ውስጥ ሳይቀር አስገብተውታል። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በአንድ ሊትር 1 ፔሶ ግብር ስትጥል ግዢው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ደቡብ አፍሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ግብሩን በስኳሩ ግራም አደረገችው፤ ስኳር የቀነሰ ፋብሪካ ያነሰ ይከፍላል። የእኛው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ም ለስላሳን ይነካል፤ ስኳሩን ግን አይመዝንም። ጣፋጭነቱ ለቀነሰ መጠጥ የሚሰጥ ማበረታቻ ከሌለ ታክሱ ለመንግሥት ገቢ ነው፣ ለጠጪው ደግሞ የዋጋ ጭማሪ።

ከሁሉ የሚገርመው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት የቦዲዎችን መሬት ጨምሮ በታችኛው ኦሞ ሸንኮራ መትከሉ ነው። የአገሬው ሰው የግጦሽና የማሽላ መሬቱን ሰጠ። አገሩ ስኳር በሸማቾች ማኅበር ወረፋ ሲጠብቅ ሣጥኑ ግን ከሱቅ ደጃፍ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ አንድ ግለሰብ በቆራጥነት ሊገፋው አይችልም፤ ግብሩም እስኪስተካከል ዓመታት ይወስዳል። ነገ ሊሆን የሚችለው የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው። ከወረዳ እስከ ዞን ለሥልጠናና ለግምገማ መስተንግዶ የሚገዛው በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የጤና ሥልጠና ላይ ሳይቀር ለስላሳ በየወንበሩ ፊት ይደረደራል። በግዢ መጠየቂያው ላይ «ለስላሳ» በሚለው ቦታ «ቡና፣ ሻይና ውኃ» መጻፍ አዋጅ አይጠይቅም። የዞኑ ኃላፊ በጉባኤ ፊት ውኃ ሲጠጣ የታየ ቀን፣ ሰው ቤት የገባው እንግዳም ውኃ ሲጠይቅ ስኳር አለብህ ወይ ባይ ይቀንስለታል።