ለዓሣ «ማን አረደው?» አይባልም



ከዱራሜ ለሽርሽር ሐዋሳ የሄደ ተማሪ አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ሐይቁ ዳር ዓሣው ተጠብሶ በዳጣ ሲቀርብ ግን ከእኛ መካከል «የሙስሊም ቤት ካልሆነ አልበላም» ብሎ ሻይ በዳቦ ይዞ ራቅ የሚል አለ። ጥንቃቄው የሚመሰገን ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም ባይ ነኝ።

ሥጋ ሲሆን ማን እንዳረደው መጠየቅ ይገባናል። ዓሣ ግን መታረድ አያስፈልገውም። የባሕር አደን ሐላል መሆኑ በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ ተነግሯል። የባሕር ውሃ ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን የሚገልጸውን ሐዲሥ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሐይቅና ወንዝም በዚሁ ይካተታሉ። ስለዚህ ቆሮሶውን ያጠመደው ወይም የጠበሰው ክርስቲያን መሆኑ ዓሣውን ሐራም አያደርገውም።

መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው፦ በዘይቱና በመጥበሻው ሐላል ያልሆነ ሥጋ ተጠብሶበታል? ገበታው ላይ አስካሪ መጠጥ አለ? ዓሣ ብቻ የሚጠበስበትን ቤት መምረጥ፣ ቢራ ከቀረበበት ገበታም መራቅ እንችላለን።

አላህ የፈቀደውን በራስ ላይ እርም ማድረግ ተቅዋ አይደለም። በአገራችን ሥጋ በየሃይማኖቱ ስለሚለይ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር አንድ ትሪ የምንከብበት ቀን ጥቂት ነው። ዓሣ ይህን ዕድል ይሰጠናል። ጠይቀን፣ አረጋግጠን፣ ቢስሚላህ ብለን አብረን እንቅረብ።

ወላሁ አዕለም።