ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች

ገና ጎሕ አልቀደደም። የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ስኔቲሻም ከምትባል መንደር ወዲያ ባለው የባሕር ዳርቻ ሃያ የምንሆን ሰዎች ካፖርታችንን ቆልፈን ቆመናል። ፊት ለፊታችን ዘ ዋሽ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ጭቃ ይጋለጣል፤ ከአርክቲክ የሚመጡት ኖት የሚባሉ ወፎች ክረምቱን የሚከርሙት ከዚያ ጭቃ ጥቃቅን ዛጎል እየለቀሙ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ግን ሙላቱ ይበረታና ጭቃውን እንዳለ ይውጠዋል። ወፎቹ መቆሚያ ያጣሉ። ያን ጊዜ በአሥር ሺዎች ሆነው ባንዴ ይነሣሉ።

ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ ከሩቅ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ይመስላል። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፤ መንጋው ዘወር ሲል ነጣ፤ ደግሞ ጠቆረ። በራሳችን ላይ አልፈው ከኋላችን ባለው፣ ቀድሞ ጠጠር ይወጣበት በነበረው ኩሬ ዳር ተጠጋግተው አረፉ። ከቆምነው አንድም ሰው አልተነፈሰም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ኩሬው ዳር ባለችው የእንጨት መመልከቻ ጎጆ ውስጥ ሰባ ዓመት የተሻገሩ አንዲት ሴት ተቀምጠው ማስታወሻቸው ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይጠፋል አሉኝ። ይህን ሁሉ ወፍ እንዴት ይቆጥሩታል ብዬ ጠየቅኋቸው። ቴሌስኮፓቸውን ለቀቁልኝ። «መጀመሪያ አሥር ቁጠር። አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይንህ ያዝ። በዚያ ልክ መቶውን ለካ፤ ከዚያ መቶውን በመንጋው ላይ እየደጋገምክ አሳርፈው።» ሁለቴ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ድምር አገኘሁ። ሦስተኛ እንድቆጥር አደረጉኝ።

እኚህ ሴት ደመወዝ የላቸውም። በሰፈራቸው ያለውን ሐይቅ በየወሩ በተቆረጠለት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ፣ ወጥተው ይቆጥራሉ። በዚያው ቀን በሺህ የሚቆጠሩ መሰሎቻቸው በመላ አገሪቱ የየድርሻቸውን ይቆጥራሉ፤ አንድ ወፍ ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ቀኑ አንድ ነው። ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በራምሳር ስምምነት መሠረት ከአንድ የውሃ ወፍ ዝርያ አንድ በመቶው የሚያዘወትረው ረግረግ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። አንድ በመቶ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ የቆጠረ ሰው ሲኖር ነው። ረግረጉን ሊያደርቀው ወይም ሊገነባበት የሚመጣ ቢኖር፣ የጡረተኞቹ የእርሳስ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብለታል።

እንግሊዞች ተፈጥሯቸውን ስላልነኩት አይደለም እንዲህ የሚጠነቀቁት። ዋኖስ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ተመናምናባቸዋለች። ሳቢሳም ታሪክ አላት። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የወይዛዝርት ባርኔጣ ማጌጫ ይሆን የነበረው ላባዋ የሚያምረው በመራቢያ ወራት ስለሆነ፣ እናቲቱ ስትገደል ጫጩቶቿ በረሃብ ያልቁ ነበር። በ1889 ኤሚሊ ዊሊያምሰን የተባሉ ሴት ማንችስተር ከተማ፣ ዲድስበሪ ካለው ቤታቸው ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ላባ ላለማድረግ ቃል አስገቡ። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት የንጉሣዊው የወፎች ጥበቃ ማኅበር መነሻው ይኸው ነው። የምርጫ ድምፅ እንኳ ያልነበራቸው ሴቶች የለኮሱት ሙግት በ1921 ላባ ወደ አገር ማስገባትን የሚከለክል ሕግ አስወጣ። ሳቢሳ በዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ ምድር ጎጆ ሠርታ የፈለፈለችው በ1996 ነው። ስኔቲሻም በነበርኩበት ጠዋት ከመመልከቻዋ ጎጆ ፊት ለፊት ባለው ቦይ አንዷ ነጭ ሆና ቆማ ነበር፤ በአገር ቤት ከበሬ ኋላ ኋላ የምናውቃትን ዘመዷን መሰለችኝ።

በዚያች ጎጆ ውስጥ ከእኔ በቀር ሐበሻ አልነበረም። በዚህ አገር ለዓመታት ኖረን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ ሠርግና ለቅሶ ስንመላለስ የገጠሩ መንገድ ለእኛ እንዳልተከፈተ አድርገን ቆጥረነዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በተለይ ለልጆቻችን። የእግረኛው መንገድ በእርሻው መካከል የሚያልፈው በሕግ ነው፤ ማንም ይሄድበታል። ለንደን ያለ ሰው ደግሞ ኖርፎክ ድረስ መሄድም አያስፈልገውም፤ ሪችመንድ ፓርክ መግቢያው በነፃ ነው፣ በጥቅምት ወንዶቹ አጋዘኖች ሲያገሱና ቀንድ ለቀንድ ሲጋጠሙ ይታያል። ሃምሳ ሜትር መራቅ ብቻ ነው። ፎቶ ለማንሳት ልጁን አጠገባቸው የሚያቆም አባት አይቻለሁና እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ለመሰናበት ስነሣ ሴትየዋ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ። በአጥር ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖር ሌሰር ዋይትትሮት የምትባል፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ክብደቷ አሥራ ሁለት ግራም ገደማ የሆነ ወፍ አለች፤ ብዙዎቹ ስደተኛ የእንግሊዝ ወፎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲወርዱ እርሷ በጣሊያን በኩል ወደ ምሥራቅ ዞራ ሱዳንና ኢትዮጵያ ትከርማለች። «የዘንድሮዎቹ ሄደዋል» አሉኝ፣ «በሚያዝያ ይመለሳሉ።»

በሚያዝያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ባይኖኩላር ከሌላችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ጠይቁ፤ እኔን አውሰውኛል።